ከስጋጃው ስር ያለው፦ የምንጣፍ ገበር ከመዲና እስከ ቤታችን

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የምናነሳው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ስጋጃ ነው፤ እንዲያውም ስለ ስጋጃው ሳይሆን ከስጋጃው ስር ስለሚነጠፈው ነገር ነው። አንድ አባወራ ስጋጃ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ቀለሙን ያያል፣ ጠጉሩን በእጁ ይዳብሳል፣ በዋጋው ይከራከራል። ከስሩ ምን እንደሚነጠፍ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስጋጃው በሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ይታጠፋል። ዉዱእ አድርገው በእርጥብ እግራቸው የሚመጡ አዛውንት እናት ወይም አባት ያንን ጠርዝ ረግጠው ሊወድቁ ይችላሉ። በዚያ ዕድሜ አንድ ጊዜ መውደቅ ማለት ዳሌን መሰበርና ከአልጋ መዋል ሊሆን ይችላል። ሌላው ቤት ደግሞ ለምቾት ተብሎ ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፋል፤ ሰጋጁም ሱጁድ ሲወርድ ግንባሩ አልረጋ ይለዋል።

የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ጉዳይ ችላ አላሉትም። ሰው በምን ላይ ይሰግዳል፣ በምንስ ላይ ይቀመጣል የሚለውን ከመሬቱ ጀምረው ነበር የሚያስቡት። ታሪኩን ስንከታተል ለቤታችን የሚጠቅሙ ሦስት ጥያቄዎች እየተደጋገሙ ይመጣሉ፦ ከስር ያለው ደረቅ ነው ወይ? የጸና ነው ወይ? ከቦታው አይንቀሳቀስም ወይ?

ገበር በቁርኣን

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። በሱረቱ አር-ረሕማን 54ኛው አንቀጽ ላይ የጀነት ሰዎች የሚደገፉባቸው ምንጣፎች ሲገለጹ የተነገረው ስለ ፊታቸው ሳይሆን ስለ ገበራቸው ነው። ገበራቸው ከወፍራም ሐር መሆኑ ተወስቷል። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ይህን ሲያብራሩ የተነገራችሁ የውስጡ ነው፤ እንግዲያው ፊቱ ምን ያህል ሊሆን ነው የሚል መልእክት ያለው ቃል እንደተናገሩ የተፍሲር ሊቃውንት ዘግበዋል። እኛ በዱንያ ቤታችን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ፊቱን እናሳምራለን፣ ገበሩን እንተዋለን።

የመዲናው መስጂድ ወለል

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ622 የተጀመረው መስጂድ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ፣ ወለሉ ደግሞ ያው መሬቱ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈስሳል። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ እንደተረኩት፣ በረመዷን 21ኛው ሌሊት ዝናብ ዘንቦ መስጂዱ አፈሰሰ፤ ሲነጋም በመልእክተኛው ግንባር ላይ የውኃና የጭቃ ምልክት ታየ። በጭቃ ላይ ሱጁድ አድርገው ነበር ማለት ነው።

በአቡ ዳውድ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ስለ ጠጠር አነጣጠፍ ጅማሬ ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) የመጣ አንድ ዘገባ አለ። ሊቃውንት በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩበትም ሥዕሉ ግልጽ ነው። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ረጠበ። አንድ ሰው በልብሱ ጠጠር ይዞ መጥቶ ከስሩ አነጠፈና ሰገደበት። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) ሥራውን ወደዱለት። ኋላም ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ከዐቂቅ ሸለቆ ጠጠር አስመጥተው መስጂዱን እንዳስነጠፉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጠጠር በቀላሉ አንለፈው። ጠጠር ውኃን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ቶሎ ይደርቃል። አቧራና ጭቃን ከሰጋጁ ልብስ ያርቃል። ሰው ሲቆምበትም አይሰምጥም። ዛሬ ከስጋጃ ስር ከሚነጠፍ ገበር የምንፈልገው ሥራ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ጠጠሩም የራሱ ችግር አላጣም። በሱጁድ ቦታ ላይ ይጎረብጣል፣ በበጋም ይግላል። ሰሐቦች በሰላት ውስጥ ጠጠሩን በእጃቸው እያስተካከሉ ይቸገሩ ስለነበር፣ የግድ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስተካክሉ መፈቀዱ ሙዐይቂብ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ተዘግቧል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ አንዳንዳቸው የልብሳቸውን ጫፍ ዘርግተው በእርሱ ላይ ሱጁድ ያደርጉ እንደነበር ተናግረዋል። ከግንባርና ከመሬት መካከል የሚገባ ቀጭን ነገር መፈለግ የተጀመረው ከዚያ ዘመን አንስቶ ነው።

ሰሌን፣ ኹምራና ሐሲር

በመልእክተኛው ቤት የነበረው ምንጣፍ ከተምር ቅጠል የተሠራ ነበር። ትልቁ ሐሲር ይባላል፤ እኛ ሰሌን የምንለው ዓይነት ነው። ፊትንና መዳፍን ብቻ የሚያሳርፈው ትንሹ ደግሞ ኹምራ ይባላል። እናታችን መይሙና (ረ.ዐ) መልእክተኛው በኹምራ ላይ ይሰግዱ እንደነበር አስተላልፈዋል።

አነስም አያታቸው ሙለይካ መልእክተኛውን ለምግብ የጋበዟቸውን ቀን ይተርካሉ። ከምግቡ በኋላ ሊያሰግዷቸው ሲነሱ፣ አነስ ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረውን ሐሲር አምጥተው ውኃ ረጩበት፤ መልእክተኛውም በእርሱ ላይ ቆመው አሰገዷቸው። ውኃ የተረጨው ሰሌኑ እንዲለሰልስ ነው ያሉ አሉ፤ እንዲጸዳ ነው ያሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ የጠቆረውን አሮጌ ሰሌን አልናቁትም።

ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ቀን መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲገቡ በሐሲር ላይ ተጋድመው አገኟቸው። በእርሳቸውና በሐሲሩ መካከል ምንም ስላልነበረ የሰሌኑ ምልክት በጎናቸው ላይ ወጥቶ ነበር። ዑመርም የፋርስና የሮም ነገሥታትን ድሎት አስታውሰው አለቀሱ። ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን የምናነሳው ዙህድን ለማስተማር ነው፤ ትክክልም ነው። ሆኖም የዘመኑ ቤት ምን እንደሚመስል በግልጽ ይነግረናል። አንድ ሰሌን፣ ከስሩም መሬት።

ፉቀሃዎች ስለ ለስላሳ ነገር ምን አሉ?

እስልምና ወደ ሻም፣ ወደ ፋርስና ወደ ኹራሳን ሲስፋፋ ሙስሊሞች ከሱፍ ስጋጃ ጋር ተገናኙ። ጥያቄውም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ችግሩ የመሬቱ መጎርበጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ የምንጣፉ መለስለስ ሆነ። በ179 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማሙ ማሊክ ከሱፍና ከጠጉር በተሠራ ምንጣፍ ላይ ሱጁድ ማድረግን ይጠሉ ነበር። መሬት ላይ ወይም መሬት በሚያበቅለው እንደ ሐሲር ባለ ነገር ላይ መስገድን ይመርጡ ነበር። አብዛኞቹ ዑለሞች ግን ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ፈቀዱት። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጥብቀው ጠየቁ፤ ግንባር መርጋት አለበት።

በሻፊዒ መዝሀብ ኢማም ነወዊን (በ676 ዓ.ሂ. የሞቱ) የመሳሰሉ ሊቃውንት እንዳብራሩት፣ በጥጥ ወይም በታጨቀ ነገር ላይ ሱጁድ የሚያደርግ ሰው ጥጡ እስኪጨመቅ ድረስ ግንባሩን መጫን አለበት። መጠኑም ከጥጡ ስር እጅ ቢኖር ጫናው እስኪሰማው ድረስ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ሰጋጁ የመሬቱን ጥንካሬ ማግኘት አለበት ተባለ። መለኪያው፣ ግንባሩን የበለጠ ቢጫን ከዚያ በታች የማይወርድ መሆኑ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት በዘመናቸው የነበረውን ጥጥና ሱፍ አስበው የተናገሩት ነገር ዛሬ በየሱቁ ለሚሸጠው ስፖንጅ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ከስጋጃው ስር የምናነጥፈው ነገር ግንባራችንን እየሰመጠ የሚያንሳፍፍ ከሆነ፣ ጉዳዩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሰላትም ጉዳይ ይሆናል።

የበግ ጠጉርና የዘላን ድንኳን

እዚህ ላይ ወደ መካከለኛው እስያ እንሻገር። የምንጣፍ ገበር ታሪክ ያለ ዘላኖች አይሟላም። እነዚህ ሕዝቦች የበግ ጠጉርን ሳይፈትሉና ሳይሸምኑ በሙቅ ውኃ እያራሱ፣ እያሹና እየጠቀለሉ ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ ያደርጉታል። ዐረቦች ሉባድ ይሉታል። በድንኳናቸው ውስጥ መጀመሪያ ሉባዱን በባዶው መሬት ላይ ይዘረጋሉ፤ ያጌጠውን ስጋጃ ከዚያ በላይ ያነጥፋሉ። ሉባዱ የመሬቱን ቅዝቃዜና እርጥበት ይከለክላል፤ የላይኛውም ስጋጃ በድንጋይና በአሸዋ እንዳይበላ ይጠብቀዋል።

ጥበቡ ከእስልምና መምጣት በፊትም የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሳይቤሪያ በአልታይ ተራሮች ፓዚሪክ በተባለ ቦታ፣ በበረዶ ውስጥ ተጠብቆ የቆየ ወደ 2,400 ዓመት ገደማ የሚሆነው ስጋጃ ተገኝቷል። ስፋቱ 183 በ200 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው ሥፍራ ባሉት መቃብሮች ከጠጉር የተጠቀጠቁ ሥራዎችም ተገኝተዋል። ባለ ቋጠሮው ስጋጃና የተጠቀጠቀው ጠጉር ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

ቱርኮች እስልምናን ተቀብለው ወደ አናቶሊያ ሲገቡ ይህንን ጥበብ ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1330ዎቹ አካባቢውን የጎበኘው ታዋቂው ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ የአቅሳራይ ከተማን የበግ ጠጉር ስጋጃዎች አድንቆ፣ ወደ ሻም፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ዒራቅ፣ ወደ ሕንድና ወደ ቻይና ይላኩ እንደነበር ጽፏል። በእነዚያ አገሮች መስጂዶች አንድ መልካም ልማድ ነበር። ምእመናን ስጋጃ ወቅፍ ያደርጋሉ፤ አዲስ የመጣውም በአሮጌው ላይ ይዘረጋል። ስለዚህ የአያት ወቅፍ ለልጅ ልጅ ወቅፍ ገበር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1905 በኮንያ በዐላኡዲን መስጂድ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ስጋጃዎች ተገኝተው የዓለም ሊቃውንትን አስደንቀዋል። መስጂዶች ሙዚየም ከመፈጠሩ በፊት የስጋጃ ጠባቂ ነበሩ።

በአገራችን ቤቶች

በአገራችንም ሰው በባዶ መሬት ላይ ስጋጃ አያነጥፍም ነበር። በገጠር ቤት ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ከዚያ ሰሌን ወይም ጅባ ይነጠፋል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ሰላት ሲደርስ በላዩ ቁርበት፣ አጎዛ ወይም መስገጃ ይዘረጋል። የሐረር ቤት ደግሞ ከፍ ከፍ ያሉ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። በቀይ አፈር ተለቅልቀው በላያቸው ሰሌንና ስጋጃ ይነጠፍባቸዋል። መደቡ ራሱ ከእግር መተላለፊያው ከፍ ማለቱ ስጋጃውን ከአቧራና ከእርጥበት ያርቀዋል።

ይህ ሁሉ የተለወጠው ወለላችን ሲለወጥ ነው። አፈሩ ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶውም ሴራሚክ ሆነ። ከጅዳ፣ ከዱባይና ከቱርክ በፋብሪካ የተሠራ ስጋጃ መጣ። ሰሌኑ ለድሀ ቤት የሚገባ ነገር ተደርጎ ታየና ተነሣ። በእርሱ ቦታ ግን የተተካ ነገር የለም። አንዳንዱ ካርቶን ያነጥፋል፣ አንዳንዱ የማዳበሪያ ጆንያ፣ አንዳንዱ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ አብዛኛው ግን ምንም።

በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን ሰዎች ከምንጣፍ ስር ድርቆሽና ወረቀት ያነጥፉበት ዘመን ነበር። የጎማ አረፋ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1929 በእንግሊዝ ነው። ዛሬ ስፖንጅ የምንለው የፖሊዩሬቴን ሥራ ደግሞ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1937 ከተጀመረው ግኝት የመጣ ነው። እንግዲህ ስፖንጅ የትናንት ልጅ ነው፤ ሉባድና ሰሌን ግን ሺህ ዓመታት የተፈተኑ ናቸው።

ለቤታችን ምን እንምረጥ?

በመጀመሪያ ድርቀቱን እንይ። ወለሉ አዲስ ሲሚንቶ ከሆነ ወይም ቤቱ ምድር ቤት ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። ከ16 ሰዓት በኋላ ስታነሱት ከስሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ወለሉ እርጥበት ይሰጣል። እንዲህ ባለ ወለል ላይ ምንም ዓይነት ስጋጃ ከማንጠፍ በፊት እርጥበቱ መፍትሔ ይፈልጋል። አለዚያ ገበሩም ስጋጃውም ይሻግታሉ፤ ሽታውም ቤቱን ይይዛል።

ሁለተኛው ጽናቱ ነው። በሱቅ ውስጥ ገበሩን በአውራ ጣታችሁና በሌባ ጣታችሁ መካከል አጥብቃችሁ ጨምቁት። ጣቶቻችሁ ሊገናኙ ከደረሱ ለመስገጃ አይሆንም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የተጠቀጠቀ ጠጉር ለሳሎን ስጋጃ ይበቃል። ቀጭን ለሆነ ጠጉር አልባ ሽምን ምንጣፍ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሻላል። ውፍረት ሁልጊዜ ጥራት አይደለም። ወፍራምና ለስላሳ ገበር ሰው በረገጠው ቁጥር ስጋጃውን ወደ ታች ያጎብጠዋል፤ ድርና ማጉም እየተሳሳበ ቶሎ ይላላል። በሩ በስጋጃው ላይ መከፈት አለመከፈቱንም አስቀድማችሁ ለኩ።

ሦስተኛው አለመንሸራተቱ ነው። ለሴራሚክና ለፓርኬ ጥሩ የሚሆነው ባለ ሁለት ፊት ገበር ነው፤ አንዱ ፊት ጠጉር፣ ሌላው የተፈጥሮ ጎማ። ጎማው ወደ ወለሉ፣ ጠጉሩ ወደ ስጋጃው ይሁን። ገልብጦ ማንጠፍ ጥቅሙን ያጠፋዋል። ወለላችሁ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ጎማና ፒቪሲ በፕላስቲክ ወለል ላይ ሲቆዩ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ሊተዉ ይችላሉ፤ ያ እድፍም በመታጠብ አይለቅም። እንዲህ ላለው ወለል፣ ለፕላስቲክ ወለል የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበትን ገበር ምረጡ።

አነጣጠፉ

ስጋጃውን ገልብጣችሁ በሜትር ለኩ። ገበሩ ከስጋጃው በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያንስ። እንዲህ ሲሆን የስጋጃው ጠርዝ ወደ ወለሉ ይተኛል፤ ገበሩም አይታይም፣ እግርም አያደናቅፍም። ትርፉን በትልቅ መቀስ ከጀርባው በኩል ቁረጡ። አንድ ወጥ ገበር ካላገኛችሁ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታችሁ በፕላስተር ያዙ እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አትደርቡ። የተደረበበት ቦታ ጉብታ ይሠራል፤ ስጋጃው መበላት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ከማንጠፋችሁ በፊት ወለሉን ጥረጉ፣ አጽዱ፣ በደንብም ይድረቅ። አቧራ ያለበት ወለል ላይ ጎማው አይዝም። ከዚያ ገበሩን ዘርግታችሁ ስጋጃውን ጠቅልላችሁ አምጡና ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ በላዩ ላይ ፍቱት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሁለቱ ዒዶች ቤት ሲጸዳ፣ ስጋጃውንም ገበሩንም አንሡ፤ አራግፉ፣ አናፍሱ። የስጋጃውን አቅጣጫ ብታዞሩት አንድ ቦታ ብቻ አይበላም። ብልም የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ከሶፋው ስር ያለውን ክፍል አትርሱ።

ገበር ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት ቤተሰብ ምን ያድርግ? በደረቅ ወለል ላይ ጥሩ ሰሌን ያንጥፍ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰሌኑ በለሰለሰ ወለል ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል ጠርዙ ከከባድ ዕቃ ስር ይያዝ። አዛውንት የሚመላለሱበት መተላለፊያ ላይ ግን የሚይዝ ገበር ከሌለ ስጋጃውን ማንሣቱ ይሻላል። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ለስጋጃ ገንዘብ ሲያሰባስቡ የገበሩን ወጪ አብረው ያስሉ። ከገበሩ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ስጋጃው ቶሎ ሲያልቅ በእጥፍ ይወጣል።

ውድ የዝግጅታችን ተከታታዮች፣ ሙለይካ (ረ.ዐ) ቤት የተነጠፈው ሰሌን ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረ ነበር፤ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ሰገዱበት። ቤታችን የሚለካው በስጋጃው ውድነት አይደለም። በላዩ የሚሰግዱት ግንባራቸው ረግቶ፣ በላዩ የሚራመዱት አዛውንቶቻችንም ሳይወድቁ ከዋሉ ስጋጃው ሥራውን ሠርቷል። ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ የስጋጃችሁን አንድ ጠርዝ ገልጣችሁ ስሩን ተመልከቱ።

አላህ ሰላታችንን ይቀበለን፤ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን። ሳምንት በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።